ሰብለ ልታጠናው የመጣችው ቤተሰብ

ከሥራ ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው። ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሰው ወለል ላይ ካልተቀመጠ ሥራውን ሠራ አይባልም። እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ መነሣት አቃተኝ። ሦስት ልጆች፣ ሁለቱ እጄን፣ አንዷ ቀሚሴን ይዘው እየጎተቱ አስነሡኝ። እነሱ ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ ግን አለቃዬን "በቃኝ" አልኳት።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ጋሃና በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነበር። አለቃችን ፊቱን ሳያዞር የሚያዝ ሰው ነበር፤ ስሜን ሳያውቅ ለቀቅኩ። ከዚያ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ያለ ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ ገባሁ። በኋላ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ የኛና የሶማሌ ልጆች የሚበዙበት ትልቅ ዴይኬር ሄድኩና እስከ ጡረታዬ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ክፍያው ያው የዴይኬር ክፍያ ነው፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል። ወርቅነሽ የሚለው ስሜ ለልጆቹ ከብዷቸው "ሚስ ወርኪ" ሆኜ ቀረሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የዋይንላንድ ፓርኩ ኃላፊ ሚስ ሎሬታ ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ያኔ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቅ ሴት ነበሩ። በክረምት ልጅ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን የሞቀ ውኃ ሥር ይይዙ ነበር። ልጅ ሥዕል ሲያመጣላቸው "ምንድን ነው?" ወይም "እንዴት ያምራል!" አይሉም። "እስቲ ንገሪኝ" ይሉና ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ከሁሉ በላይ ለሚያለቅስ ልጅ አይዋሹም። እኔ ገና እንደገባሁ አንዱን አልቃሻ "እናትህ አሁን ትመጣለች" ብዬ ሳባብለው ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

"አሁን ትመጣለች?"

"አይ፣ ማታ ነው።"

"እንግዲያው 'ምሳ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ውጭ እንጫወታለን፣ ከዚያ ትመጣለች' በይው። ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ ምሳ ግን ያውቃል። አንዴ ከዋሸሽው ነገ የምትይውን አይሰማሽም።"

የሥራዬ ሁሉ መሠረት ይቺ ናት። ሌላው ሁሉ፣ ማን በጀርባው፣ ማን በጎኑ እንደሚተኛ፣ ማን ካሮት ካየ እንደሚያስመልሰው፣ ማን ሲናደድ እንደሚናከስና ማን ሲናደድ ዝም እንደሚል ማወቅ፣ በጊዜ የሚመጣ ነው።

ዋይንላንድ ፓርክ ሳለሁ ነው፤ ክሌር ወደኛ ስትመጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ፀጉሯ ቀይ፣ ቀኝ ጆሮዋ ቶሎ ቶሎ የሚያማት፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ። እናቷ ካረን ነርስ ስለሆነች ሺፍቷ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጠዋት የምታመጣት፣ ማታ የምትወስዳት ጆ የምትባል ሴት ናት። ጆ የከተማ አውቶቡስ መካኒክ ነበረች፤ ጣቶቿ ላይ የማይለቅ ግራሶ ነበረባት። ክሌር "ጆጆ" ትላታለች። እኔ አክስቷ ናት ብዬ ነበር። ካልሆነችም አብራቸው የምትኖር ጓደኛ። አባትየው የት እንዳለ ጠይቄ አላውቅም፤ ትቷት የሄደ ይሆናል ብዬ በልቤ አዝንላት ነበር። እንዲህ ሆነን ክሌር አራት ዓመት ሞላት።

አንድ ጠዋት ጆ የክሌርን ካፖርት እየሰቀለች፣ ስለ ዝናቡ እንደምታወራ ሁሉ፣ "ሚስ ወርኪ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ እየመጣች ክሌርን ታያታለች። ተስማምተናል" አለችኝ።

"ማንና ማን ነው የተስማማችሁት?"

"እኔና ካረን።" ቀና ብላ አየችኝ። "እናቶቿ ነና። ታውቂ የለም እንዴ?"

አላወቅኩም ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ። አፌ "እሺ፣ እሺ" ይላል፣ ጆሮዬ ግን የራሴን ድምፅ አይሰማም። ጆ ነገሩ የገባት መሰለኝ፣ ረጋ ብላ፣ "አስበንበት፣ በሐኪም እርዳታ የወለድናት ልጅ ናት። ካረን ወለደቻት፣ አብረን አሳደግናት። ተማሪዋም የምታጠናው እንደሷ ያሉ ልጆችን ነው" ብላ ክሌርን ሳመቻትና ወጣች።

ቀጥ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሚስ ሎሬታ ወተት እየቀዱ ነበር።

"ያውቁ ነበር?"

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ክሌር... ስለ ሁለቱ።"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

የወተቱን ጣሳ አስቀመጡ። "ስለ ጆሮዋ ነግሬሻለሁ። እንቁላል እንደማይስማማት ነግሬሻለሁ። ጥግ ካልሆነ እንደማትተኛ ነግሬሻለሁ። ለሥራሽ የሚያስፈልግሽ ነገር የቀረ አለ?"

ወደ ልጆቹ ተመለስኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ጌታን የተቀበልኩ፣ እሑድ ከሰዓት ከአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የማልቀር ሰው ነኝ። በኛ ቋንቋ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የነበረን ቃል ስድብ ብቻ ነው። ያን ቃል በልቤ ጆ ላይ ላደርገው ስሞክር፣ ክሌር ሲያተኩሳት ከሥራ ሮጣ መጥታ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተዘርግታ ልጅቷን ደረቷ ላይ ያስተኛችው ጆ ትመጣብኛለች። ሁለቱ አልገጥም አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተማሪዋ መጣች። በሩን ስከፍት ሰብለ ናት! በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል ብቻዋን ስትዘምር ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጨፍንላት የኛው ሰብለ።

"እንዴ፣ ሰብለ! ምን እግር ጣለሽ?"

እሷም ደነገጠች፤ ፊቷ ቀላ። "እትዬ ወርቄ! እዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት?"

ካፖርቷን ተቀብዬ ሰቀልኩላት። እኔ የመጣችበትን አውቄያለሁ፤ እሷም ማወቄን አውቃለች።

የዚያን ቀን ሚስ ሎሬታ ዝቅተኛ ወንበር ሰጥተዋት የክፍሉ ጥግ አስቀመጧት። ሰብለ ደብተሯን ይዛ ክሌርን ታያለች። ክሌር ብሎኮቿን ትታ መጣች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ስትጫወቺ እያየሁ ነው።"

"እኔም ልይሽ" ብላ ክሌር ፊት ለፊቷ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ዓይኗን ሳትነቅል ታያት ጀመር። ሰብለ ብዕሯን ወደየት እንደምታደርገው ጠፋት። ሚስ ሎሬታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ነበር።

ማታ ሰብለ በመኪናዋ ቤቴ አደረሰችኝ። መንገድ ላይ አላስቻለኝም።

"የኔ ልጅ፣ ከስንቱ ነገር መርጠሽ ይሄን? ሰው ቢሰማስ?"

መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቀች። "እውነቱን ልንገርዎት? የመረጥኩት ልጆቹ እንደሚጎዱ ላሳይ ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ይሟገታል፤ ልጆቹን ጠጋ ብሎ ያየ የለም። እኔ አይቼ 'ይኸው' ልላቸው ነበር።"

"እና?"

"አራት ቤት ገብቻለሁ። ወላጆቹን ጠይቄያለሁ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቻለሁ። ልጆች ናቸው፣ እትዬ ወርቄ። ጥርስ አንቦርሽም ብለው የሚያለቅሱ ልጆች። ላገኝ የወጣሁትን ባላገኝስ? ምን ብዬ ነው የምጽፈው?"

"ያየሽውን ጻፊያ" ማለት ቀላል ነበር፤ ግን እኔ ራሴ ያየሁት አልዋጥ ብሎኝ ነበርና ሳልናገረው ቀረሁ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ አደረ። ካረን የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ ወደ ቤት ስትመለስ ሀይዌይ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ተንሸራቶ መታት። ጆ ለሚስ ሎሬታ ኮል አድርጋ ነገረቻቸው። ሚስ ሎሬታ ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ። "የክሌር እናት ሞተች" አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "የትኛዋ?" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ብዬ የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም።

ቀብሩ የካረን ወላጆች ያሉበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ የገጠር ከተማ ሆነ። ሚስ ሎሬታ ሄደው ነበር። ጆ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ መቀመጧን፣ ስሟን የጠራ ሰው አለመኖሩን ተመልሰው ነገሩኝ።

ጆ ክሌርን ወዲያው ወደኛ መለሰቻት። ሚስ ሎሬታ ናቸው የመከሯት፤ የልጅ ቀን እንደነበረ ይቀጥል ብለው። ክሌር ትበላለች፣ ትጫወታለች። አልፎ አልፎ ግን ብሎኩን እንደያዘች ትቆምና፣ "እማማ ሞታለች። ጆጆ ግን አልሞተችም" ትላለች። "አዎ፣ ጆጆ አልሞተችም" እላታለሁ። ይሄን ማለት ውሸት አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኝተው ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንዲት ወፍራም ያለቀሰ ዓይን ያላቸው ሴት፣ ከኋላቸው አንድ ወጣት ፖሊስ። የካረን አባትና እናት ነበሩ። ሴትየዋ አይሪን ይባላሉ።

"የልጄን ልጅ ልወስድ ነው የመጣሁት" አሉ ሽማግሌው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል። ካረን ኑዛዜ አልነበራትም፤ በዚያ ላይ ጆና ልጅቷን የሚያገናኝ ምንም ሕግ የለም።

ሚስ ሎሬታ ትእዛዙን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። "ልጆቹ ተኝተዋል" አሉ።

"ቀስቅሷት።"

"አልቀሰቅሳትም። ስትነቃ ትወስዷታላችሁ። እናቷን የቀበረች ልጅ እንቅልፍ ላይ ሆና አትነጠቅም።"

ሽማግሌው ፖሊሱን አዩት። ፖሊሱ መሬት መሬት እያየ፣ "ብንጠብቅ ይሻላል፣ ጌታዬ" አለ። ሚስ ሎሬታ በዚያች ጊዜ ጆ ጋ ደወሉ።

ሰብለ የዚያን ቀን ለጥናቷ መጥታ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደብተሯን ከዘጋችው ቆይታለች።

ክሌር ስትነቃ ሽንት ቤት ወሰድኳት፣ ፊቷን አጠብኳት፣ ጫማዋን ላስራት ቁጭ አልኩ። አንዱን እግሯን አሰርኩ። ያኔ ጆ በሩን ገፍታ ገባች፤ የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ሩጫ ትንፋሿን እንዳቋረጠው። ሽማግሌው ወደፊት ተራመዱ። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዙ።

ጆ ከጎኔ ተንበርክካ ክሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ አሰረችው።

"ክሌሬ፣ ዛሬ ከአያቶችሽ ጋር ትሄጃለሽ። አልጋሽን አዘጋጅተውልሻል።"

"አንቺስ?"

"እኔ አልመጣም።"

"ለምን?"

ጆ ሚስ ሎሬታን ቀና ብላ አየቻቸው። መዋሸት ትችል ነበር፤ ነገ እመጣለሁ ማለት ትችል ነበር። "አልተፈቀደልኝም" አለች።

ክሌር ክፍሉ ውስጥ የቆምነውን ሁሉ በየተራ አየችን። አያቷን፣ ፖሊሱን፣ ሚስ ሎሬታን፣ እኔን።

"ማን ነው ያልፈቀደልሽ?"

ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ወሰዷት። መኪናው ውስጥ እስክትገባ አላለቀሰችም፤ በሩ ሲዘጋባት የጮኸችው ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጆ ፓርኪንጉ መሐል እንደቆመች ቀረች። ሚስ ሎሬታ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት።

ወደ ውስጥ ስመለስ ሰብለ ትንሿ ወንበር ላይ እጥፍጥፍ ብላ ታለቅሳለች። "እትዬ ወርቄ፣ እኔ የማጠናው እኮ ልጆቹ ላይ ከወላጆቻቸው የሚደርሰውን ነበር" አለችኝ። "ከኛ የሚደርስባቸውን አስቤው አላውቅም።"

ጆ ሎየር፣ ጠበቃ፣ ይዛ ፍርድ ቤት ተከራከረች። ሎየሯ እኔ እንድመሰክር፣ ሰብለም ያየችውን እንድትናገር ጠየቀ። ሰብለ የሰው ገመና ለማንም ላትናገር ቃል ገብታ ነበር፤ ጆ ግን ራሷ፣ "ስለኛ ያየሽውን ሁሉ ተናገሪ፣ ፈቅጄልሻለሁ" አለቻት። የዩኒቨርሲቲ መምህሯም ውሳኔው ያንቺ ነው ብላ ተወችላት። የቀረው ፍርሃታችን ነበር። ከተማው ውስጥ ያለን አበሾች ያኔ ጥቂት ነን። ፍርድ ቤት የተነገረ እሑድ ከመድረሱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

ባለቤቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ሳማክረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ምን ልትዪ ነው?"

"ያየሁትን።"

"እሱን ብቻ?"

"እሱን ብቻ።"

"እንግዲህ ያየሽውን አላየሁም አትዪ" ብሎ ምግቡን ቀጠለ። እኔም እሱም ስለዚያ ኑሮ ያለን እምነት አልተለወጠም ነበር። ግን የተጠየቅኩት ስለ እምነቴ አልነበረም።

የፍርድ ቤቱ ክፍል እንዳሰብኩት ትልቅ አልነበረም። የጆ ሎየር የጠየቀኝን መለስኩ፦ ማን እንደሚያመጣት፣ ሲያማት የቱን ጆሮዋን እንደሚያማት ማን ቀድሞ እንደሚነግረን፣ ሲያተኩሳት ማን እንደሚመጣ፣ ክሌር ሲከፋት የማንን ስም እንደምትጠራ። ከዚያ የአያቶቹ ሎየር ተነሣ።

"ክርስቲያን ነዎት?"

"አዎ።"

"ቤተ ክርስቲያንዎ ይህን ዓይነት ኑሮ ይደግፋል?"

"አይደግፍም።"

"ታዲያ ልጅቷ እዚያ ቤት እንድታድግ ይፈልጋሉ?"

"ልጅቷ እዚያ ቤት አድጋለች" አልኩ። "እኔን የጠየቁኝ ማን እንዳሳደጋት ነው።"

ሰብለን ደግሞ ጥናቱን ስትጀምር ምን ታስብ እንደነበር ጠየቃት። መልሷ እንደሚጠቅመው የሆነ ቦታ ሰምቶ መሆን አለበት።

"እነዚህ ልጆች ይጎዳሉ ብዬ ነበር" አለች።

"እና ክሌር ስትጎዳ አይተሻል?"

"አይቻለሁ። አንድ ቀን።"

ሎየሩ ፊቱ በራ። "መቼ ነበር?"

"ፖሊስ መጥቶ የወሰዳት ቀን።"

አይሪን አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ያያሉ።

ግን አልሆነም። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀስ ብለው፣ እያዘኑ የመሰለኝ ፊት ይዘው ነበር የተናገሩት። ጆ ለልጅቷ ብዙ እንዳደረገች አይክዱም። ሕጉ ግን አያቶቹን ዘመድ ይላቸዋል፣ ጆን ምንም አይላትም። እንግሊዝኛውን በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው የመጣልኝ ቃል አንድ ነው፦ ባዳ። ካረን ስትወልድ የሐኪም ቤቱ አልጋ አጠገብ የቆመችው፣ ክሌርን ሲያማት አቅፋት ያደረችው ጆ ባዳ ሆነች። ጆ ስትሰማው አላለቀሰችም። "አመሰግናለሁ" ብላ ወጣች። ለምን አመሰግናለሁ እንዳለች እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የተሸነፍኩበት ጊዜ የለም። ልጅ በሚገባ ማወቅ ነው ሙያችን፤ ያወቅነውን ሁሉ ዘርዝረን ተናገርን፤ ለልጅቷ ምንም አልፈየደላትም።

እሑድ ሰብለ ከመዘምራን ጋር አልቆመችም። "ትንሽ እረፊ" ተብላለች። ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች፣ መዝሙሩንም ከወንበሯ ሆና ዘመረች። ከፊታችን የነበረች ሴት ዞር ብላ አይታን ልጇን ወደራሷ ሳበች። ፓስተራችን ግን በሳምንቱ ቤቴ መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ጸለዩ፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፣ "ትንሿ ልጅ እንዴት ሆነች?" አሉኝ። ከዚያ ሌላ አልጠየቁኝም።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን አይሪን ብቻቸውን ዴይኬሩ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ሰውነታቸው ቀንሷል። ደንግጬ መንገዳቸውን ዘግቼ ቆምኩ፤ ሚስ ሎሬታ ናቸው "ይግቡ" ያሏቸው።

"አትተኛም" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። "አትበላም። ማታ ማታ ተነሥታ በሩ ላይ ትቀመጣለች። የምናገረውን ትሰማለች፣ ግን አትመልስልኝም። እናንተ ጋ ትተኛ ነበር አይደል? ምን ነበር የምታደርጉላት?"

"እኛ ጋ የምትተኛው የቀን እንቅልፍ ነው" አሉ ሚስ ሎሬታ። "ማታ እንዴት እንደምትተኛ የምታውቀው ጆ ናት።"

አይሪን ያችን የልጆች ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ባለቤቴ ስሟ እንዲነሣ አይፈልግም።"

"ባለቤትዎ እዚህ የሉም።"

አይሪን የክፍሉን ሥዕሎች አዩ፣ የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ አሻሹ። መጨረሻ ላይ፣ "እርስዎ ይደውሉልኝ" አሉ። ሚስ ሎሬታ ደውለው ስልኩን ሰጧቸው።

"ጆ? አይሪን ነኝ... አዎ። ደህና ናት። አይደለችም። ደህና አይደለችም።" ከዚያ፣ "ስታስተኚያት ምንድን ነው የምትያት?"

ጆ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ያየሁት አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ነው፤ እንደ ተማሪ እየደጋገሙ። እንባቸው ስልኩ ላይ ይወርድ ነበር። ስልኩን ሲመልሱ፣ "እኔ ብለው አይሆንም" አሉ። "እሷ ናት ማለት ያለባት። ቅዳሜ ትምጣ ብያታለሁ።"

ያን ዕለት ደነገጥኩ። ሕግ፣ ሎየር፣ የኛ ምስክርነት፣ የሰብለ ጥናት ያላንቀሳቀሰውን ነገር አንዲት የገጠር ሴት ስልክ ይዘው አንቀሳቀሱት። ቀላል አልነበረም። ሽማግሌው ጆ የመጣች ቅዳሜ ከቤት ወጥተው እስክትሄድ አልተመለሱም። ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ግን በረንዳው ላይ ቆዩ። በጋው ከማለቁ በፊት መኪናዋ አልነሣ ብሏት ከሽማግሌው ጋር ኮፈኑን አብረው ከፍተው ሲያዩ እንደነበር ጆ ነገረችኝ። በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ አንድም ቃል አልተቀየረም። ነገር ግን ክሌር ከመስከረም ጀምሮ ሳምንቱን ከጆ ጋር ኮሎምበስ፣ ቅዳሜና እሑድን ከአያቶቿ ጋር እንድትሆን ተስማሙ።

ሰብለ ዲግሪዋን በዚያው ዓመት ያዘች። ጥናቷ ውስጥ ክሌር የለችበትም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "ከውጭ ሆኜ ያየሁት ቤተሰብ አይደለማ። ፍርድ ቤት ቆሜ ወግኛለሁ" አለችኝ። ስለ ሌሎቹ ልጆች ግን ያየችውን ጻፈች፤ ላገኝ ያልኩትን አላገኘሁም ብላም በግልጽ አስገባችበት። ኋላ ሌላ ከተማ ሄዳ ወላጅ ከሌላቸው ልጆች ጋር ትሠራለች። ሚስ ሎሬታ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ የማላውቃቸውን ቤተሰቦች ስቀበል የምጠይቀው ነገር ቀነሰ፤ የማየው ግን ጨመረ።

ክሌር የተመለሰችበትን ጠዋት ልጨርስበት። ሰኞ ነበር። አይሪን ራሳቸው ከገጠር ነድተው አመጧት፣ ጆም ከሥራ አስፈቅዳ በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር። ሰብለም ልትሰናበተን መጥታ ከጎኔ ቆማለች። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ከዚያ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ግቢውን ያዩ ጀመር። ክሌር ጓደኞቿን ስታይ ጮኻ ሮጠች፤ ሮጣም ብዙ ሳትርቅ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

ተነሣች። ጉልበቷ ተልጧል። አንድ አፍታ ትንፋሿን ይዛ ቆየችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። አይሪን ቅርብ ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ክሌር በአጠገባቸው አልፋ ሮጣ ጆ ላይ ተጠመጠመች። ጆ በአንድ እጇ የልጅቷን ሻንጣ ይዛ ነበርና በአንድ እጇ ብቻ አቀፈቻት።

ሰብለ ክንዴን ያዘችኝ። አይሪን እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ፣ ወደ ጆ ሄዱ፣ ሻንጣውን ከእጇ ተቀበሏት።

"ስጪኝ" አሏት። "በሁለት እጅሽ ያዣት።"